ከኢንሰርት ቁልፍ የተማርኩት



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ኪቦርድ ነው። «ኡስታዝ፣ ይሄ ደግሞ ምን ርዕስ ነው?» እንዳትሉኝ። በአንዲት የኪቦርድ ቁልፍ ምክንያት ያፈርኩትን ያህል በሌላ ነገር አፍሬ አላውቅም።

እኔ ያደግኩት መድረሳ ነው። ፊደል የለየሁት ሉሕ ላይ እየጻፍኩ፣ እያጠብኩ፣ እንደገና እየጻፍኩ ነው። ኮምፒውተር የነካሁት ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ የመስጂዳችን ኢማም ረዳት ከሆንኩ በኋላ ነው። አንድ በጎ አድራጊ አሮጌ ኮምፒውተር ሰጠን። ኢማማችንም «አንተ ወጣት ነህ፣ ያዘው» አሉኝ። «አልችልም» ማለት አፈርኩና ያዝኩት። የማውቃቸውን ቁልፎች በሁለት ጣት እየለቀምኩ፣ የማላውቃቸውን እየዘለልኩ መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ ረመዷን ሊያልቅ ሲል የዘካተል ፊጥር ተቀባዮችን ዝርዝር እያስተካከልኩ ነበር። የየሰፈሩ ሰዎች ስም በነጠላ ሰረዝ እየተለየ በተከታታይ ተጽፏል። የተረሳ አንድ አባወራ መሀል ላይ ልጨምር ፈለግኩ። ዲሊትን ስፈልግ ከላይዋ ያለችውን ኢንሰርትን ነካኋት። የተለወጠ ነገር አልታየኝም። ዐይኔን ኪቦርዱ ላይ ተክዬ አዲሱን ስም ጻፍኩ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ ፕሪንት አደረግኩ።

በዒድ ዋዜማ እህሉ ሲከፋፈል አንዲት አሮጊት እናት ወረፋቸውን ጠብቀው ደረሱ። ስማቸው የለም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ የለም። «ልጄ፣ ዘንድሮ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። ኢማማችን ስለሚያውቋቸው ድርሻቸው ተሰጣቸው፤ ንግግራቸው ግን ከጆሮዬ አልጠፋም።

እኔም «ኮምፒውተሩን ቫይረስ ይዞታል» ብዬ ለሁሉም አወራሁ። ከዒድ በኋላ እኔው ጋር ቁርኣን የሚቀራ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ መጥቶ አየውና «ኡስታዝ፣ ቫይረስ አይደለም፤ ኢንሰርትን ነክተው ነው» አለኝ። እንደኛ ባለ አሮጌ የመጻፊያ ፕሮግራም ላይ ኢንሰርት ከተነካች በኋላ የሚጻፈው ፊደል ቀጣዩን ወደፊት አይገፋውም፤ ይበላዋል። ለካ የአባወራውን ስም ስጽፍ የእናታችንን ስም እየበላሁት ነበር። ኢንሰርትን ድጋሚ መጫን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። «ወዲያው አይተውት ኮንትሮልን ይዘው ዜድን ቢጫኑ ኖሮ የተበላውም ይመለስ ነበር» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በኪቦርድ ጉዳይ እሱ ኡስታዝ፣ እኔ ደረሳ ሆንን። ባክስፔስ ከጠቋሚው በፊት ያለውን ፊደል፣ ዲሊት ደግሞ ከጠቋሚው በኋላ ያለውን እንደሚያጠፋ ነገረኝ። ዐረብኛ ስንጽፍ ጽሑፉ ከቀኝ ስለሚነሳ ባክስፔስ የሚያጠፋው በቀኝ በኩል ያለውን ነው። ኤፍ እና ጄ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች እኔ የፋብሪካ ስህተት ይመስሉኝ ነበር። ለካ ሁለቱ አመልካች ጣቶች ሳያዩ ቦታቸውን እንዲያገኙ የተቀመጡ ናቸው። ዐይኔ ኪቦርዱ ላይ ባይተከል ኖሮ ስሙ ሲጠፋ አየው ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አማርኛው ነው። በድምፅ በሚያስጽፈው ኪቦርድ ኤስ ብቻዋን «ስ» ትሰጣለች። ዩ ሲከተላት «ሱ»፣ አይ ሲከተላት «ሲ» ትሆናለች። ይሄንን ሲያስረዳኝ ሳቄ መጣ። ይሄማ በልጅነቴ የቀራሁት ቃዒዳ ነው! ሲን በሱኩን «ስ»፣ በዶማ «ሱ»፣ በከስራ «ሲ»። ቲ ብቻዋን «ት» ነች፤ ሺፍትን ይዘን ስንጫናት «ጥ» ትሆናለች። ታእና ጧእን ለለየ ሰው አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም መሆኑ አዲስ አይደለም። በማውቀው መንገድ የተሠራን ነገር ነው እንደ ባዕድ ስፈራው የኖርኩት። አንድ ቀን ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ሰዓት ይገባኝ ነበር።

በመጨረሻም እናታችን ቤት ሄድኩ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ነው። አውፍ ይበሉኝ» አልኳቸው። «አውፍ ብያለሁ ልጄ። ለከርሞ ግን ጽፈህ ስትጨርስ ጮክ ብለህ አንብበው» አሉኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያው አደርጋለሁ።

ወጣቶች ሆይ! ኪቦርድ ለእናንተ ቀላል ነው። ነገር ግን አባታችሁ፣ ኡስታዛችሁ ወይም የጀመዓችሁ ጸሐፊ ዛሬም የማያውቃቸውን ቁልፎች እየዘለለ ይጽፍ ይሆናል። ሲጠይቃችሁ አትሳቁበት። ሳይጠይቃችሁም ያ ልጅ እንዳደረገልኝ አጠገቡ ቁጭ በሉ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ደግሞ ጠይቁ። መጠየቅ የሚያሳፍረን ለአንድ አፍታ ነው፤ ባለመጠየቃችን ግን የሰው ስም ከዝርዝር ይጠፋል።