በደካማው እርምጃ

ንባብ፦ ዘፍጥረት 33፥12-15

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ዘጠኝ ሆነን ከአዳማ ወደ አሰላ በብስክሌት ተነሣን። ሁላችንም በአንድ የቤት ኅብረት የምንገናኝ ነን። አሳባችን አሰላ አድረን እሑድን እዚያ ካሉ ቅዱሳን ጋር ማምለክ ነበር። መንገዱ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመኪና ስንሄድበት ሁልጊዜ አጭር ይመስለን ነበር።

ከመነሣታችን በፊት ጸለይን። ስለ ፍሬናችን፣ ስለ ጎማችን፣ በመንገዱ ስለሚያልፉት የሲኖትራክ ሾፌሮች ሁሉ ጸለይን። እርስ በርሳችን ስለ መጠባበቅ ግን አንድም ሰው አልጸለየም። ይህን ያስተዋልነው ማታ ነው።

ከአዳማ እስከ አዋሽ መልካሳ መንገዱ በአመዛኙ ይወርዳል። እየዘመርን ወረድን። የአዋሽን ወንዝ ስንሻገር ገና ጠዋት ስለነበር ብርቱዎች የሆንን መሰለን። ነገር ግን አዋሽ መልካሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሰላ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ። የወረድነውን ሁሉ መልሰን ልንወጣ፣ ከዚያም አልፈን የስምጥ ሸለቆውን ግድግዳ ልንወጣ ነው ማለት ነው።

ዴራን ካለፍን በኋላ ዝማሬው ቀረ። ፀሐዩ በረታ፤ ነፋሱም ከፊት መጣ። የአንዳችን ካላማዳሪያ ሁለት ጊዜ ተበሳ። በየመንደሩ ልጆች «ጃባዳ! ጃባዳ!» እያሉ ከጎናችን ይሮጡ ነበር፤ በርቱ ማለታቸው ነው። ብርቱዎቹ እየቀደሙ፣ ደካሞቹ እየቀሩ ተራራቅን። እያንዳንዳችን የምናየው ከፊታችን ያለውን ዳገት ብቻ ነበር።

ኢተያ ደርሰን ሻይ ስናዝ ቆጠርን። ስምንት ነን። እንደገና ቆጠርን፤ ስምንት።

ስልኩ ዝግ ነው። «መጨረሻ ያየው ማን ነው?» ተባባልን። ቀስ በቀስ ትዝ አለን፤ ሦስታችን አጠገቡ አልፈን ነበር። ከብስክሌቱ ወርዶ ቆሞ ነበር። «ደህና ነህ?» ብለነዋል። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሂዱ» አለን። እኛም ሄድን።

ሻዩን ትተን በላብ የወጣነውን ዳገት በፍርሃት ወረድን። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ልባችን ይመታ ነበር። ወንድማችንን ከመንገዱ ዳር አንድ ግራር ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ካቴናው ወጥቶ ተቀርቅሯል፤ እጁ በግራሶ ጠቁሯል። አንዲት የአካባቢው እናት ውሃ በጣሳ ሰጥተውታል። እሱ ወደ አዳማ የሚመለስ ሚኒባስ ይጠብቅ ነበር።

«ለምን አልደወልክም?» አልነው፤ በቁጣ ሳይሆን አይቀርም።

«ባትሪዬ አልቋል» አለ። ጥቂት ዝም ብሎም ቀጠለ። «ብደውልስ ትመለሱ ነበር? ሥራ ካጣሁ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ኅብረት አልመጣሁም። ያኔም አልተመለሳችሁም።»

የምንመልሰው ጠፋን። እውነት ነውና። በቴሌግራም ቡድናችን «ናፍቀኸናል፣ እንጸልይልሃለን» ብለን ጽፈን ነበር። ቤቱ ከምንሰበሰብበት ቤት የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። አንዳችንም አልሄድንም። እዚያ አፈሩ ላይ ተቀምጠን ይቅርታ ጠየቅነው። «ችግር የለም» አላለንም። ዝም ብሎ ሰማን፤ ይህም ትክክል ነበር።

በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ አጠገቡ ተቀምጠው ካቴናውን ማላቀቅ ጀመሩ። እሳቸውም ከእኛ ጋር አልፈውት ነበር፤ ይህን አልሸሸጉም። እየሠሩ አንድ ነገር ነገሩን። ደርግ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ምእመናን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰበሰቡ ነበር። «ያኔ አንድ ሰው ከቀረ በማግስቱ ቤቱ እንሄዳለን» አሉ። «ታስሮ ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል እንላለን። ጥቂት ስለነበርን የጎደለው ወዲያው ይታወቃል። ዛሬ አዳራሹ ሞልቷል፤ የጎደለው አይታይም።»

ከዚያ የያዕቆብንና የዔሳውን ታሪክ አስታወሱን። ወንድማማቾቹ ከታረቁ በኋላ ዔሳው አብረን እንሂድ ብሎ ነበር። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ገና ለጋ እንደሆኑ፣ የሚያጠቡ እንስሳትም እንዳሉ፣ አንድ ቀን ብቻ አስቸኩለው ቢነዷቸው እንደሚያልቁ ነገረው። እሱ በከብቶቹና በልጆቹ እርምጃ ቀስ ብሎ ሊሄድ መረጠ። ያ ያዕቆብ ከጥቂት ሰዓታት በፊት ከእግዚአብሔር ጋር ታግሎ የሚያነክስ ሰው ነው። እያነከሰ የሚሄድ ሰው ለደካማ መራራት አይከብደውም።

ከዚያ በኋላ ሥርዓታችን ተለወጠ። ወንድማችን ከፊት ሆነ፤ ማንም እሱን እንዳያልፍ ተስማማን። ብርቱዎቹ በየተራ ከጎኑ ሆኑ። እሱ ሲወርድ ሁላችን ወረድን፤ ሲገፋ ሁላችን ገፋን። የአርሲ የስንዴ ማሳ በግራና በቀኝ ተዘርግቶ፣ የጭላሎ ተራራ ከፊታችን ሆኖ፣ ቀስ ብለን ሄድን። አሰላ የገባነው ጨልሞ ነው። ዘጠኝ ሆነን ገባን።

ከአሰላ አልፎ ያለው በቆጂ የደራርቱ ቱሉ አገር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ማራቶን እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ስትደክም ደራርቱ አብራት እንድትቀጥል አበረታታቻት። ውድድሩንም ያሸነፈችው ደራርቱ ናት። ለሌላው መራራት ሁልጊዜ በድል ያልቃል አንልም። እኛ ከቀጠሯችን በብዙ ሰዓት ዘግይተናል፤ ያዘጋጁልን ራትም ቀዝቅዞ ነበር። ግን ወንድማችንን ጥለን ብንገባ ኖሮ ምን ብለን እናመልክ ነበር?

ጌታችን መልካም እረኛ ነው። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ሊፈልግ የሚሄድ እረኛ ነው (ሉቃስ 15፥3-7)። ከመቶ አንድ መጉደሉን ያወቀው ስለሚቆጥር ነው። እኛ ግን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ቃል ሰምተን እናልፋለን። ምናልባት አንተም ወይም አንቺ ይህን የምታነቡት ከመንገድ ዳር ተቀምጣችሁ፣ የመመለሻ መኪና እየጠበቃችሁ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን አልፋችሁ ከሆነ፣ ጌታ አላለፋችሁም።

ይህን የጻፍነው የወንድማችንን ፈቃድ ጠይቀን ነው። እስከ ዛሬ ቋሚ ሥራ አላገኘም። አንዳንድ ሳምንት ይመጣል፤ አንዳንድ ሳምንት ይቀራል። በሚቀርበት ሳምንት ግን በማግስቱ ሁለታችን ቤቱ እንሄዳለን። ሃያ ደቂቃ ነው።

በዚህ ሳምንት ከኅብረታችሁ የጎደለው ማን ነው? ከመጻፋችሁ በፊት ተነሥታችሁ ሂዱ።

ጌታ ሆይ፣ በራሳችን ፍጥነት ሮጠን ያለፍናቸውን ሁሉ ይቅር በለን። መመለስን አስተምረን። አሜን።