አንድ መዝገብ፣ ሁለት ዋጋ

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይህቺን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ትንሽ ትረዝማለች። ኮድ የማትጽፉትም አትሽሹ። ጉዳዩ የኮድ ቢመስልም ውስጡ የሰው ስም አለበት።

ሲንግልተንን ክፍል ውስጥ ሳስተምር የምሰጠውን ምሳሌ ታስታውሱታላችሁ፤ እቁብ። እቁቡ አንድ ጸሐፊ አለው፣ ጸሐፊውም አንድ መዝገብ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረው፣ ዕጣው ለማን ወጣ ቢባል የሚጠየቀው ያ መዝገብ ብቻ ነው። አንዱ አባል "ለራሴ ይመቸኛል" ብሎ መዝገቡን ገልብጦ ቤቱ ቢያስቀምጥ፣ በገለበጠበት ቀን ሁለቱ አንድ ናቸው። በሳምንቱ ግን ይለያያሉ። ማንም አልሰረዘም፣ ማንም አልደለዘም፤ ግን ጠብ ይነሳል።

ዳታ ባይንዲንግ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሣጥን ከመዝገቡ መስመር ጋር ማሰር ነው። መዝገቡ ሲቀየር ስክሪኑም አብሮ ይቀየራል። በራሱ ግን አያውቅም፣ ነጋሪ ይፈልጋል። ንጉሡ አዋጅ ቢያወጣም ነጋሪት ካልተጎሰመ ገበያው በድሮው ሕግ ነው የሚውለው።

እስኪ አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ግንደወይን ውስጥ አንድ የእህል ነጋዴ አሉ። የቀድሞ ተማሪዬ ለመጋዘናቸው ፕሮግራም ሠራላቸው። ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ በሲ ሻርፕና በደብሊው ፒ ኤፍ የተጻፈ ነው። ሁለት መስኮት አለው። በአንዱ ባለቤቱ የቀኑን ዋጋ ያስገባሉ፤ በሌላው ሚዛን ላይ የሚውለው ልጅ ሽያጩን ይመዘግባል። ልጁ የኩንታሉን ዋጋ ከስክሪኑ ያነባል፣ ብሩን ይቀበላል፣ ደረሰኙን በእጁ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ስንት ኩንታል እንደሸጠ ብቻ ያስገባል። ሒሳቡን ፕሮግራሙ ይሠራዋል።

አንድ ቀን ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 2,800 ብር ጎደለ። ሚዛን ላይ ለሚውል ልጅ ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ልጁ "ነጭ ጤፉ 12,000 ነበር የሚለው፣ በዚያው ነው የሸጥኩት" አለ። ባለቤቱ ፕሮግራሙን ከፍተው አዩ፤ 12,400 ይላል። "ይኸው፣ ምን ትላለህ?" ልጁ የሚለው ጠፋው። አገሩ ትንሽ ነው። ግንደወይን ላይ የተነገረ ነገር ገበያተኛው ይዞት ብቸናም ሞጣም ይደርሳል። "ሌባ ነው" የተባለ ልጅ ማን ሚዛን ያስይዘዋል?

ተማሪዬ ደወለልኝ። "መምህር፣ ፕሮግራሙን አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው። ልጁ ነው እንጂ።"

"ከፍተህ ነው ያየኸው ወይስ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ሆኖ ሲውል ነው ያየኸው?" አልኩት።

ዝም አለ።

ልብ በሉልኝ፣ ባለቤቱም ተማሪዬም ያዩት አዲስ የተከፈተ መስኮት ነው። ልጁ ግን ጠዋት የከፈተውን መስኮት ነው ሲያይ የዋለው። ስለዚህ መጀመሪያ ልጁ እንደዋለው እንድንውል ተስማማን። የሽያጩን መስኮት ከፈተና ተወው። ከዚያ በዋጋው መስኮት 12,000ውን ወደ 12,400 ቀየረና ሴቭ አደረገ። ተመልሶ የሽያጩን መስኮት ሲያየው 12,000 ይላል! ዘግቶ ሲከፍተው 12,400። ባለቤቱ በዚያን ቀን ዋጋውን የጨመሩት ከቀትር በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሸጠው 7 ኩንታል ነው። 7 ጊዜ 400 ስንት ነው? 2,800።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ነጋሪቱ አልተጎሰመም" ብሎ ወደዚያ ይሮጣል። ተማሪዬም ኮዱን አየው። ዋጋው ሲቀየር ለስክሪኑ የሚነግረው የፕሮፐርቲ ቼንጅድ ጥሪ በቦታው አለ፣ ብሬክፖይንት ሲያደርግበትም ይቆማል። ነጋሪቱ እየተጎሰመ ስክሪኑ ለምን አይሰማም? ሌላ መዝገብ ሥር ስለተቀመጠ ነዋ!

ይሄን በግምት አያውቁትም፣ ይቆጥሩታል እንጂ። የዋጋ ዝርዝሩ ክላስ ኮንስትራክተር ውስጥ አንዲት የሎግ መስመር አስገባ አልኩት፤ ኦብጀክቱ በተፈጠረ ቁጥር "ተወለድኩ" የምትል። ሲንግልተን ነው ካልን ፕሮግራሙ እስኪዘጋ አንዴ ብቻ መታየት አለባት። ሁለት ጊዜ ታየች። ሁለተኛው ከየት እንደመጣ በዲባገሩ ስንከተለው የሽያጩ መስኮት ዛምል ፋይል ውስጥ አንዲት አጭር መስመር ተገኘች። መስኮቱ ሲከፈት ያለውን የዋጋ ዝርዝር መውሰድ ትታ አዲስ ትፈጥራለች። አዲሱ ሲፈጠር ዋጋውን ከዳታቤዝ ያነባል፣ ከዚያ በኋላ የሚነግረው የለም። ሽያጩን የሚመዘግበው ኮድ ደግሞ ሒሳቡን የሚሠራው በዋናው ሲንግልተን ነው። ልጁ አንዱን መዝገብ ያያል፣ ኮምፒውተሩ በሌላው ያስከፍላል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የተባለው እንዲህ ላለው ፕሮግራም ይመስለኛል።

መፍትሔው አጭር ነበር። ኮንስትራክተሩ ፕራይቬት ሆነ። ያን ጊዜ ከውጭ አዲስ ኦብጀክት ለመፍጠር የሚሞክር መስመር ሁሉ እምቢ ይላል፣ የተደበቀ ቅጂ ካለም ራሱ ይጋለጣል። መስኮቱ ካለው ኦብጀክት ጋር ታሰረ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርን፤ እያንዳንዱ ሽያጭ ሲመዘገብ በዚያች ሰዓት ስክሪኑ ላይ የነበረው ዋጋ አብሮ ይቀመጣል። ነገ ጥያቄ ቢነሳ ልጁ ምን አይቶ እንደሸጠ መረጃው አለ።

አሁን ኮድ ለምትጽፉት ሦስት ነገር ልበላችሁ።

አንደኛ፣ "ስክሪኑ አልተቀየረም" የሚል ስሞታ ሲመጣ ሁለት ጥያቄ አለው። ኦብጀክቱ አንድ ነው? አንድ ከሆነስ ለውጡን ተናግሯል? በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ። ከሁለተኛው የጀመረ ሰው ነጋሪት ሲጨምር ይውላል።

ሁለተኛ፣ ሲንግልተን አንድ የሚሆነው በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ብቻ ነው። ነጋዴው ነገ ብቸና ቅርንጫፍ ከፍተው ሁለተኛ ኮምፒውተር ቢያስገቡ ሲንግልተኑም ሁለት ይሆናል። ያን ጊዜ መዝገቡ ዳታቤዙ መሆን አለበት፣ ስክሪኖቹም እየተመለሱ እሱን መጠየቅ አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ሁሉን ነገር ሲንግልተን አታድርጉ። ዋጋው የጋራ ነው፤ የአንድ ደንበኛ ሒሳብ ግን የራሱ ነው። ዌብ ላይ የደንበኛውን መረጃ ሲንግልተን ውስጥ ካስቀመጣችሁ ሰርቨሩ ለሁሉም ሰው ያንኑ ኦብጀክት ያቀርባል፣ የአበበ ዕዳ በከበደ ስም ይወጣል። ሲንግልተን ከ23ቱ ፓተርኖች እንደ አንዱ የተጻፈበት "ዲዛይን ፓተርንስ" የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው የወጣው። ከአራቱ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ኤሪክ ጋማ ራሱ በ2009 ሲጠየቅ፣ መጽሐፉ ቢከለስ ሲንግልተንን እንደሚያወጣው ተናግሯል።

"2,800 ብር ነው፣ ምን ያህል ያስጽፋል?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የእንግሊዝን ፖስታ ቤት ታሪክ አንብቡ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር በየቅርንጫፉ ገባ። ስክሪኑ "ጎድሏል" አለ፤ ሰዎቹ "አልወሰድንም" አሉ፤ የታመነው ስክሪኑ ነው። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሒሳብ በማዛባት ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን ያጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ፍርዱን በጅምላ የሚሽር ሕግ የወጣው በ2024 ነው። የዚያ ሶፍትዌር ችግር ከኛው ጋር አንድ ዓይነት ነበር አልልም። አካሄዱ ግን ያው ነው፤ ሠሪው "ፕሮግራሙ ልክ ነው" ይላል፣ አለቃው ያምነዋል፣ ሚዛን ላይ ያለው ሰው ይከፍላል።

ስክሪን ምስክር ነው። የተነገረውን ይናገራል፣ ማን እንደነገረው ግን አይናገርም። እንደማንኛውም ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቅ።

የልጁን መጨረሻ ለምትጠይቁኝ፦ የደረሰኙ ፓድ ካርቦን ቅጂ ተገለበጠ። ሰባቱም በ12,000 ነው የተጻፉት፣ አንድም የተፋቀ የለም። ተማሪዬ ራሱ ግንደወይን ድረስ ሄዶ፣ ባለቤቱ ባሉበት፣ ልጁን "ጥፋቱ የኔ ኮድ ነው" አለው። ስልክ ብቻ መደወል ይችል ነበር። በዚህ ኮርቼበታለሁ።

እናንተም የሠራችሁት ፕሮግራም የሆነ ሰው እጅ ላይ ነው። ገንዘብ ጎደለ ተብሎ ሲደወልላችሁ ሰውየውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ኦብጀክቶቻችሁን ቁጠሩ። ተመሳሳይ ገጠመኝ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ሌላውም ይማርበት። ሰላም ዋሉ!