ዝምታሽን ቦሌ ትተሽው ሂጂ

ውድ ልጄ፣

ሻንጣሽን እናትሽ ጨርሳዋለች፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ጋቢው ሁሉ ገብቷል። ለእኔ የቀረችኝ ይህች ወረቀት ናት። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ አንብቢያት፤ ቤት ብትነበብ ሁለታችንም እንቸገራለን።

ታላቅ ሲናገር ዝም በይ እያልን ነው ያሳደግንሽ። አልጸጸትበትም። ስዊድን ግን ፕሮፌሰሩንም በስሙ ነው የሚጠሩት፤ «አንተ» ማለት ነውር አይደለም። ለዶክትሬትሽ ካሮሊንስካ ገብተሽ ዝም ስትይ «ጨዋ ናት» የሚልሽ የለም፤ «ገብቷታል» ብለው ያልፉሻል። አራት ዓመት እንዲህ ከሄድሽ፣ በመጨረሻው ቀን ሰው በተሰበሰበበት ከውጭ ተጋብዞ የመጣ ሞጋች ፊት ትቆሚያለሽ። የዚያ ሰው ሥራ አንቺን መጠየቅ ብቻ ነው።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ላብራቶሪ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነጭ የደም ሕዋስ እለይ ነበር። ታውቂዋለሽ፤ ደሙን አቅጥነሽ፣ ቲዩቡን ጋደል አድርገሽ፣ እንዳይደባለቅ ትንፋሽሽን ይዘሽ ፊኮል የሚባለው ፈሳሽ ላይ ቀስ እያልሽ ታወርጂዋለሽ። ሴንትሪፉጁ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ዞሮ ሲቆም፣ በቢጫው ፕላዝማና በፊኮሉ መካከል እንደ ስስ ጉም ያለች ቀለበት ትታያለች። ልፋቱ ሁሉ ለእሷ ነው። ያን ዕለት የማሽኑን ፍሬን ማጥፋት ረሳሁ። ቀጥ ሲል ቀለበቷ ተናወጠችና ተበተነች። የተገኘውን ለቃቅሜ «ደህና ነው» ብዬ አስረከብኩ። የሕዋሱ ቁጥር ለምን እንዳነሰ አለቃዬ ሳምንት ሙሉ ሲደክም እያየሁ ትንፍሽ አላልኩም። ደሙን የሰጡት እናት ከገጠር በእግራቸው የመጡ ነበሩ። እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ እሱ ነው። ስትሳሳቺ በዚያው ቀን ተናገሪ፤ ደብተርሽም ላይ በእስክሪብቶ ጻፊው፣ በእርሳስ አይደለም።

ደግሞ ባዶ እጅሽን አትሄጂም። ማስተርስሽን የሠራሽበት አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ኖርዌዮችና ስዊድኖች ናቸው ያገዙት። ዘነበወርቅ ሰፈር ያየሽውን የሥጋ ደዌ እዚያ ብዙዎቹ በመጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቁት። በአንዱ ሰው ገላ ላይ ነጣ ያለ ምልክት አውጥቶ ይቆማል፣ በሌላው መላ አካሉን ያዳርሳል። ተሕዋሲው ያው ነው፤ የሚለያየው የሰውየው የበሽታ መከላከያ ምላሽ ነው። ይህን ስታስረጂ አትሽኮርመሚ።

ሌላው የጣለውን ሐሳብ መናገርም አያስፈራሽ። ሺሞን ሳካጉቺ የተባሉት ጃፓናዊ፣ ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ የሚገቱ ቲ ሕዋሳት እንዳሉ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲያሳዩ፣ ብዙ የሙያው ሰዎች ያን ሐሳብ ጥለውት ነበር። በ2025 ከሁለት አሜሪካውያን ጋር የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ። ሽልማቱን የሚወስኑት የዚያው የካሮሊንስካ ፕሮፌሰሮች ናቸው። ኖቤል አምጪ ማለቴ አይደለም፤ እናትሽ ግን ሳታስበው አልቀረችም።

ታኅሣሥ ላይ እዚያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። ያን ጊዜ ደውዪ፤ ምክንያት አትፈልጊለት።

ከዚያ ሞጋቹ ፊት ከምትቆሚበት ቀን ሦስት ሳምንት በፊት ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ግድግዳ ላይ በምስማር የመምታት ልማድ አላቸው። ተራሽ ሲደርስ ፎቶ አይበቃኝም። ቪዲዮ ላኪልኝ፣ የመዶሻው ድምፅ ይሰማኝ።

አባትሽ