እናቴ ያነበበችው ሜኑ

ይቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቧት።

የአገር ውስጥ ቱሪዝም ይስፋፋ ሲባል በየመድረኩ እንሰማለን። ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እነዚያ ገደል አፋፍ ላይ የተሠሩት ቆንጆ ቆንጆ ሆቴሎች እኛን ይጠብቁናል ወይ? ብንሄድ ማለቴ ነው፣ ወንበሩ የኛም ነው?

ጥያቄው ያደረብኝ ላሊበላ ላይ ነው። ለ2015 ገና እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። "ሳልሞት ላሊበላን ልሳለም" ስትለኝ ዓመታት አልፈዋል። ጥቅምት 23 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ "ይኸው፣ እግዜርም ፈቀደ" አለች። ጦር ኃይሎች ቤት ተከራይቶ ለሚኖር፣ በዲፕሎማ ለሚያስተምር መምህር አውሮፕላን የሚባል ነገር አይታሰብም። በአውቶቡስ ደሴ አደርን፤ በማግስቱ ወልድያን አልፈን፣ ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ገባን።

በዓሉ አልፎ ሕዝቡ ሲበተን እናቴ "አሥራ አንዱንም ቤተ ክርስቲያን ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም" ስላለች ሰነበትን። ረቡዕ ማታ "ዛሬ ጥሩ ቦታ እራት እጋብዝሻለሁ" አልኳት። ለዚህ ብዬ ማታ ማታ ከማስጠናው ልጅ የማገኘውን ብር ለይቼ ይዤ ነበር።

የሆቴሉን ስም ልተወው። ምግብ ቤቱ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ሻማ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት። ከመስታወቱ ማዶ የላስታ ተራራ። ውስጡ ግን ከሁለት ፈረንጆች በቀር ባዶ ነው። እናቴ በነጠላዋና በኮንጎ ጫማዋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሜኑው መጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንግሊዝኛ። ከታች በደቃቅ ፊደል፣ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሰርቪስ ይጨመራል ይላል።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማንበብ የተማረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቀን ውሃ ስትቀዳ ትውላለች፣ ማታ በኩራዝ ፊደል ትቆጥራለች። እስከ ዛሬ የታክሲ ታፔላ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ካርቶን ሳታነብ አታልፍም። ማንበብ ለሷ ክብሯ ነው።

ሜኑውን አገላብጣ አየችና ዘጋችው። "ዓይኔ ደከመ መሰለኝ" አለች።

ዓይኗ እኮ አልደከመም።

አስተናጋጁ ገባው። "እማማ፣ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ" ብሎ የትእዛዝ መጻፊያውን ከኪሱ አወጣና አጠገባችን ያለው ባዶ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ሽሮ፣ የጾም በያይነቱ፣ ፓስታ በአትክልት... ዋጋው ፊት ለፊቱ። ገንጥሎ በሁለት እጁ ሰጣት። እሷም ጣቷን ከፊደሉ ስር እያስኬደች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አንድ በአንድ አነበበችው። ከዚያ ዋጋው ላይ ቆመች። "ልጄ፣ ይሄ የሽሮው ዋጋ ነው የድስቱ?"

"የተራራውም አለበት እማማ" አለ ልጁ። ሦስታችንም ሳቅን። ጦር ኃይሎች ባቡሩ ከሚቆምበት ጀርባ ከምበላው ሽሮ አራት እጥፍ ነበር።

ልጁ አስጎብኚ ነበር። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ እንግዳ ቆመ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ደግሞ ከተማዋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገላበጥ ሥራ ቀርቶ ዳቦም ጠፋ። "መምህር፣ አንድ ጠረጴዛ ሰው ሲይዝ ስንት ቤት እንደሚበላ ያውቃሉ?" አለኝ። ቆጠረልኝም። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ድንች የምታቀርበው፣ በቅሎ የሚያከራየው፣ ሸማኔው፣ እሱ ራሱ።

ስለዚህ ነገሬ ዋጋው ላይ ብቻ አይደለም። ዘይቱም ነዳጁም ከሩቅ ተጭኖ እንደሚመጣ አይቻለሁ፣ መንገዱን ተጉዤበታለሁ። ግን ፈረንጅ ሲቀር ሆቴሉን ማን ያቆመዋል? በየዓመቱ ለገና የሚመጣው፣ ረቡዕና አርብ የሚጾመው፣ አማርኛ የሚያነበው ሰው ነው። የሱ ምግብ ሜኑው መጨረሻ ላይ "ፋስቲንግ ፉድ" ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል።

እዚያው ላሊበላ ቤን አበባ የሚባል ምግብ ቤት አለ። አንዲት ጡረታ የወጣች ስኮትላንዳዊት መምህርት ከኢትዮጵያዊ አጋሯ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ነው። "ቤን" በነሱ አገር ተራራ ማለት ነው፤ "አበባ" የኛው አበባ። ሁለት ቋንቋ በአንድ ስም ከተቻለ፣ ሁለት ቋንቋ በአንድ ሜኑ ምን ያቅታል? አንድ ገጽ ወረቀት እኮ ነው!

ከዚያ ወዲህ በክልሉ እንደገና ጦርነት ተነሳ፤ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ። ልጁ ዛሬ ሥራ ላይ ይኑር አይኑር እንጃ። የጻፈላት ወረቀት ግን እናቴ ዳዊቷ ውስጥ አለ። እንግዳ ስትቀበል ታወጣዋለች፣ "ላሊበላ ላይ የበላሁት" ብላ እስከ ዋጋው ድረስ ታነብላቸዋለች።

የሆቴል ባለቤት የሆናችሁ፣ ወይም የምታውቁ፣ እስቲ ንገሯቸው። እናቶቻችን ማንበብ ይችላሉ።