የልጅ ልጄና የጭነት መኪኖቹ

መካነ ሰላም መጥታችሁ «ባቡር የት ነው?» ብትሉ የሚያሳዩዋችሁ ወፍጮ ቤት ነው። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ይህን አያውቅም ነበር። ክረምቱን ከእኔ ጋር ሊያሳልፍ ከአዳማ የመጣ ዕለት የጎረቤታችንን ልጅ «ባቡር አይተህ ታውቃለህ?» ቢለው፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ እህል ይዘን እንሄዳለን» አለው። ሁለቱም ግራ ተጋቡ፤ እኔ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ልጁ የባቡር ፍቅር አለበት። አዳማ ላይ የጅቡቲውን ባቡር ቆሞ ያያል፣ ኮንቴይነር የጫኑትን ፉርጎዎች ይቆጥራል፣ የሚጎትታቸውን ሎኮሞቲቭ በደብተሩ እየሣለ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይቀባዋል። በኤሌክትሪክ እንደሚሄድ፣ ከቻይና እንደመጣ፣ መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ነገረኝ። እኔም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስለገባው የድሮው ባቡር አጫወትኩት። የዚያ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር ብለው፣ «ያሁኑ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው» ብሎ ጨመረልኝ። ሲመጣ ኮምቦልቻ ላይ ሐዲድ አይቷል፤ ባቡር ግን አላየም። ከደሴ ወዲህ፣ በአቀስታ በኩል እስከ እኛው ቦረና ድረስ ደግሞ ሐዲድም የለም። እንግዳዬ ሦስት ቀን አኮረፈ።

በአራተኛው ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ጋቢያችንን ለብሰን፣ በርጩማ ይዘን መንገድ ዳር ተቀመጥን። ሲሚንቶና ቆርቆሮ የጫነ ይገባል፣ እህልና አጣና የጫነ ይወጣል። ኤን ፒ አር አይሱዙን ከኤፍ ኤስ አር መለየት አስተማርኩት። ጋቢናቸው ቢመሳሰልም ስፖንዳውን እያንዳንዱ ባለቤት በወደደው ቀለም ያስቀባዋል፤ ፓራፋንጎው ላይም የወደደውን ጥቅስ ያጽፋል። ሲኖትራክ ሲመጣ መጠየቅም አያስፈልግም፤ ከቀለሙና ከአደጋው የተነሣ ሰው «ቀይ ሽብር» ብሎታል። «ቀይ ሽብር ምንድን ነው?» አለኝ። መኪና መለየት ይሻላል ብዬ አለፍኩት።

«እምዬ፣ ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?»

በ1980ዎቹ ጤና ጣቢያ ስሠራ አምቡላንስ አልነበረንም። ሕመምተኛ ደሴ የምንልከው በጭነት መኪና ነው። ሁሉም ሾፌር አይቆምም፤ ስለዚህ የሚቆመውን ከሩቅ በቀለሙ መለየት ለመድኩ። አንድ ንጋት ላይ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደም የሚፈሳት እናት በቃሬዛ መጣች። ያለንን ሁሉ አደረግን፤ አልበቃም። ሁለት መኪኖች እጄን እያዩ አለፉኝ። ከዚያ ከጠመዝማዛው ላይ አረንጓዴ ስፖንዳ ባለ ቢጫ መስመር ብቅ ሲል ጉልበቴ ከዳኝ፤ ሾፌሩን አውቀዋለሁ፣ ይቆማል። በጤፍ ጆንያው ላይ ፍራሽ አነጠፍን። ያን ሁሉ የጠጠር መንገድ ረዳቱ ግሉኮሱን ከፍ አድርጎ ይዞልኝ ደሴ ደረስን። ተረፈች።

በዚያው ክረምት ሌላ እናት መኪና ስንጠብቅ እጄ ላይ አርፋለች። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያለፈ መኪና የለም። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም።

እሱ ደብተሩን አውጥቶ ያን አይሱዙ መሣል ጀምሯል።

«ቢጫው መስመር ከላይ ነው ከታች?»

ትዝ አላለኝም። ከላይ አድርገው አልኩት።