ሜዳ ነው ብሎ ያመነ ዓይን

አባቴ ዕድሜውን በተሳቢ መኪና መሪ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። የዓይኑን መድከም ለማንም አልነገረም። እኔ ያወቅሁት አንድ ምሽት ከጎኑ ተቀምጬ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ ነው። ሽቅብ የሚመጣ መኪና ረጅም መብራቱን ሳይቀንስ ሲያልፈን መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘና በዝግታ «መስመሩን እይልኝ» አለኝ። ባለበት እየነገርሁት፣ በጠፋበት እየተሳቀቅሁ ድልድዩ ጋ ደረስን።

ትምህርቴ ኮምፒውተር ነውና ከዚያ ሌሊት በኋላ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ፤ ከፊት መስታወቱ ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ካሜራ መስመሩን ብታይለትስ?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ኧርንስት ዲክማንስ እ.ኤ.አ. በ1987 ካሜራ የተገጠመለት መኪናቸውን ሌላ ተሽከርካሪ በሌለበት አውቶባን ላይ፣ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሰው እጅ መሪውን ሳይነካ አስኪደውታል። የዛሬው ማሽን ለርኒንግ ደግሞ ሰዎች መስመሩን በእጃቸው ምልክት ያደረጉባቸውን ፎቶግራፎች አይቶ አይቶ ራሱ ይለምዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ኩሌን የተባለው ክምችት ብቻ ከቤጂንግ መንገዶች የተነሡ ከ130,000 በላይ ምስሎች ይዟል። እኔም እንዲህ የተማረ ፕሮግራም ይዤ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ወጣሁ። ለጥ ባለው ሜዳ ላይ መስመሮቹን አንድ በአንድ ለቀመልኝ። አባቴን ለማስደነቅ ቸኮልሁ።

ዓባይ አዋረደኝ። ወደ ደጀን የሚያወጣው ዳገት ከፊታችን ሲነሣ ሁለቱ መስመሮች በኮምፒውተሬ ላይ እንደ ተከፈተ መቀስ ተለያዩ፤ መንገዱ ቁልቁል ሲያጎነብስ ደግሞ እንደ ቀንድ ጫፍ ጠበቡ። ቀለሙ የተፋቀባቸውን ቦታዎች አላነሣም፤ እዚያስ እኔም አላየሁም።

ብዙ ሌሊት ከፈጀብኝ በኋላ ጥፋቱን ያገኘሁት ካሰብሁት ቦታ አልነበረም። ማሽኑ በፎቶግራፉ ላይ መስመሮቹን በትክክል አግኝቷቸዋል። የሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ፎቶግራፍ ርቀት አይናገርም፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች እንደ ባቡር ሐዲድ ሩቅ ላይ የሚገናኙ ይመስላሉ። ፕሮግራሙ ይህን ለማቃናት ምስሉን ከላይ ቁልቁል እንደምታይ ጭልፊት ይገለብጠዋል፤ ሲገለብጠውም ከፊቱ ያለው መሬት ሁሉ ሜዳ ነው ብሎ አምኖ ነው። ካሜራው ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ 30 ሜትር ርቆ ያለው አስፋልት 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቀና ቢል፣ ኮምፒውተሩ ያን ቦታ 50 ሜትር ላይ ነው ይላል። ሦስት ሜትር ተኩል የነበረው የመንገድ ስፋትም ስድስት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው።

የገረመኝ ዳገቱ ራሱ በደለኛ አለመሆኑ ነው። መኪናው ሙሉ በሙሉ ዳገቱ ላይ ከወጣ ካሜራውም አብሮት ያዘነብላልና መስመሮቹ ተመልሰው ይቃናሉ። ክፉው ቦታ ሜዳና ዳገት፣ ዳገትና ቁልቁለት የሚገናኙበት ነው። አባቴ ማርሽ የሚቀይረውም እዚያው ነበር።

መድኃኒቱን ሌሎች ቀድመው አስበውበታል። እስራኤል የሚገኙ የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሥራ፣ ማሽኑ ከአንድ ምስል የእያንዳንዱን መስመር ቦታ ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም እንዲገምት አስተምረውታል። በዚያ መንገድ የኔንም ፕሮግራም እንደገና ሠራሁት፤ መቀሱ ተዘጋ።

ለአባቴ አሳየሁት። ዝም ብሎ ተመለከተና «ጫፉ ላይስ?» አለኝ። የዳገቱን ጫፍ ማለቱ ነው፤ ከወዲያ ያለው መንገድ ካሜራ ውስጥ የማይገባበትን።

«እዚያ ይገምታል» አልሁት።

«እግሩንስ ያነሣል?»

አያነሣም ነበር። እኔ የጻፍሁት ፕሮግራም መስመር ይስባል እንጂ ፍጥነት አያውቅም። አባቴ ሣቀ፤ በዚያው ወር ቁልፉን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠ። ካሜራዋ ከመስታወቱ ሥር አለች። አባቴ አንዳንዴ ከወንድሜ ጎን ተቀምጦ አብሮ ይሄዳል፤ ጫፉ ሲቃረብ የካሜራዋን መስመር ትቶ የልጁን እግር ያያል።