ሠላሳ በመቶ

በ2017 ክረምት ወረታ። ርብ ሞልቶ ሩዙ ውኃ ውስጥ ቆሟል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ያበቃል ሲባል የቤታችንን ኮምፒውተር ወደ 11 ላሳድገው ጀመርኩ። ሠላሳ በመቶ ላይ መብራት ድርግም አለ።

መብራቱ ሲመለስ ነጠብጣቦቹ ብቻ ይሽከረከራሉ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «የአባትህ ድምፅም አብሮ ሄደ?» አለችኝ። ሳይሞት በፊት፣ ሩዝ ሳይመጣ ፎገራ ሜዳ ላይ ከብት ስለጠበቀበት ዘመን ሲያወራ ቀድቼው ነበር። ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ሲነሣ መሀል ላይ ሦስቴ አጠፋሁት፤ የጥገናው ገጽ መጣ። «ዝመናውን አራግፍ» ብለው እምቢ አለ። «ሪሴት» የሚለውን አልነካሁም፤ አንድ የተሳሳተ ምርጫ ፋይሉን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል።

በጎረቤት ላፕቶፕ ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አዘጋጅቼ በእሱ አስነሣሁት። ዲስኩ ደህና ነው፤ የተበላሸው ሲስተሙ ብቻ ነበር። ድምፁን ገለበጥኩ፤ ዊንዶውስን እንደገና የጫንኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ማታ ከፈትነው። አባቴ ላሞቹን በየስማቸው ይጠራል። እናቴ ዓይኗን ጠርጋ፣ «አሁንስ የት የት አስቀመጥከው?» አለች።

«ሦስት ቦታ፣ እማ።»

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዝመና ከመጀመሬ በፊት ራሴን የምጠይቀው የእሷን ጥያቄ ነው።